ለግራ ትከሻ የተቃና ሰደፍ

ባሌ ኢታና ቦጂያ ብልሹ ሥራ ከእጁ አይወጣም ነበር። ይህን የምለው ባሌ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ባልነቱንማ ተዉት፣ ስንት ጉድ ያሳየኝ ሰው ነው። እንጨት ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። የጎረቤት ወንበር እግሩ ተሰብሮ ሲመጣለት የተሰበረውን ጠግኖ አይመልስም፤ ያልተሰበሩትንም ፈታቶ ይመረምራል። ባለወንበሩ እንግዳ አለብኝ፣ በቃ ይሁን እያለ ሲለማመጠው፣ ለአንተ በቅቶህ ይሆናል ለእኔ ግን አልበቃኝም ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። እኔ ልደታ ማርያም በር ላይ ሽንኩርትና ድንች ዘርግቼ ውዬ ደክሞኝ ስገባ፣ የሰው ወንበር ቤቱን ሞልቶት መቀመጫ አጣለሁ። በዚህ ነገር ስንት ቀን እንደተጣላን እኔና እሱ ነን የምናውቀው።

ይህን ጠባይ ያስያዘው የወጣትነት ሥራው ነው። ከወለጋ ልጅ ሆኖ መጥቶ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ አንድ አርመን ዘንድ ተቀጠረ። አርመኑን ሰው ሁሉ «ሙሴ» ይለው ነበር፤ የአዳኞችን ጠመንጃ የሚያድስ ሰው ነው። ብረቱን ሙሴ ራሱ ይሠራል፣ ሰደፉን ለኢታና ሰጠው። ሰደፍ የምላችሁ እንጨቱን በሙሉ ነው፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን፣ ጉንጭ የሚደገፍበትን፣ ወደፊትም ሄዶ ብረቱን ከሥር አቅፎ የሚይዘውን። ኢታና ሲናገር ሰደፍ እንደ ጫማ በሰው ልክ ነው የሚሠራ ይላል። ልኩ ካልሆነ አዳኙ ይስታል፣ ስቶ ያቆሰለው አውሬ ደግሞ ተመልሶ ይመጣበታል። ስለዚህ በሙሴ ቤት «ይሁን» የሚባል ነገር አልነበረም።

አብዮቱ ሲመጣ አዳኞቹ አገር ለቀው ሄዱ፣ ሙሴም ሱቁን ዘግቶ ተከተላቸው። ኢታና መሮውንና ሞረዱን በጆንያ ቋጥሮ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በር ሠራ፣ መስኮት ሠራ፣ የሬሳ ሳጥንም ሠራ። በዚያ ዘመን የሬሳ ሳጥን ብዙ ይፈለግ ነበር፤ ዘመኑን ያላያችሁ ያዩትን ጠይቁ። ሳጥኑንም ቢሆን ጠርዝ ጠርዙን ሲያለሰልስ ይውላል። ማን ሊያየው ነው ስለው ይብስ ጎንበስ ብሎ ያሻዋል። በፊት ጨዋታ የሚወድ ሰው እንዲያው ዝም አለብኝ። አንጀቴን በላው። እኔ ደግሞ ሳዝን ይብስ እቆጣለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ፈጣሪ ሲፈጥረኝ እንዲህ ነው።

ሂርጳ የመጣው በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው። ዝናቡ ያወርደዋል። በራችን ተንኳኳና ከፈትኩ፤ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ወፍራም የወታደር ካፖርት የለበሰ አጭር ሰው፣ ከጎኑ ደግሞ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ባሌን ሊወስዱት መጡ ብዬ የያዝኩትን ሽንኩርት ከነሰፌዱ ለቀቅኩት። ለካስ ሊወስዱት አልነበረም፤ የሙሴን እንጨት ሠሪ አፈላልገው፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው ሥራ ሊያሠሩት ነው የመጡት። ከጭቃው ላይ ሽንኩርት ስለቅም እንግዳው ጎንበስ ብሎ አብሮኝ ለቀመ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂርጳ ከአዋሽ ወዲያ ባለው የአራዊት ጥብቅ ቦታ ጠባቂ ነበር። ኦጋዴን ዘምቶ ፍንጣሪ ቀኝ ዓይኑን አጠፋው፤ ሐኪሞች ለውጊያ አይሆንም ብለው አሰናበቱትና ወደ ጥንት ሥራው ተመለሰ። መሥሪያ ቤቱ ግን የማይተኩስ ጠባቂ ምን ያደርግልናል ብሎ፣ በኮሚቴ ፊት ተኩሶ እንዲያሳይ ቀን ቆረጠለት። ከሳተ ከሥራው ይወጣል። ቤቱም የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከዚያ ይለቃል ማለት ነው። ልጆቹ እዚያው ነው የተወለዱት፣ ሌላ አገር አያውቁም። በግራ ትከሻው ለመተኮስ ሞከረ፣ ሰደፉ እምቢ አለው። ለቀኝ ትከሻ የተሠራ እንጨት ጉንጭ የሚያርፍበት በግራ ጎኑ ነው፤ በግራ ትከሻ ሲያነሱት ግራው ዓይን ከአፈሙዙ መስመር አይገጥምም።

«ጋሼ፣ ቀኝ ዓይኔ የለም፤ ሰደፉ ግን እሱን ነው የሚፈልገው» አለው ለኢታና።

ጠመንጃው አሮጌ የአደን ጠመንጃ ነው። አሁን የመንግሥት ስለሆነ እንጨቱን አረንጓዴ ቀለም ቀብተውታል፣ በእጅ የሚጨበጠው አንገቱ ላይ የፍየል ቆዳና ሽቦ ጠምጥመውበታል። ሂርጳ ጠባቂዎቹ ሁሉ ወይራ ነው እንደሚሉት ነገረን። ኢታና ተቀበለው። ሽቦውን ፈታ፣ ቆዳውን ገፈፈ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ስባሪ ፋቅ ፋቅ አደረገና በምራቁ አርሶ አየው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። ፊቱ ሲለወጥ እኔ ከምድጃው አጠገብ ሆኜ አየሁ።

ወይራ አይደለም አለ። ዋልነት የሚሉት የፈረንጅ እንጨት ነው፣ ከሙሴ ቤት የወጣ ነው፣ የሠራሁትም እኔ ነኝ አለ። የሠራለትን ሰው ሳይቀር አስታወሰ፤ አንገቱ አጭር፣ ክንዱ ረጅም፣ ምግብ የሚወድ ነጋዴ። ሙሴ ይህ ሰው ገና ይወፍራል፣ በሁለቱም ጎን የእንጨት ሥጋ ተውለት ብሎ አዞት ነበር። ይህን ሲናገር ኢታና ሳቀ። ስንት ዓመት ያልሰማሁትን ሳቅ ስሰማ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ፤ ሂጄ ሻይ ጣድኩ። እንጨቱን ማወቁ ለወሬ ብቻ አልነበረም። ወይራ ቢሆን አንገቱ ሲጎብጥ ይሰነጠቅ ነበር፤ ዋልነት ግን ትኩስ ዘይት ከጠጣ እሺ ብሎ ይታጠፋል። ትርፍ ሥጋ ስላለውም ግራውን ጠርቦ በቀኙ በኩል ለጉንጭ የሚሆን ማውጣት ይቻላል።

ቀበሌው ፈቀደ፣ ግን እንደ ዘመኑ ነው የፈቀደው። ብረቱ ቀበሌ መጋዘን ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ እኛ ቤት የሚያድረው እንጨቱ ብቻ ነው። መለካት ሲያስፈልግ ጠባቂው ብረቱን ተሸክሞ ይመጣል፣ ልኩ እስኪያልቅ ሻዬን እየጠጣ ይቀመጣል፣ ይዞት ይመለሳል። የኢታና አለካክ ከሙሴ የለመደው ነው። ሰውየውን ዓይንህን ጨፍን ይለዋል፣ ጠመንጃውን አንሳ ይለዋል፣ ከዚያ አሁን ክፈት ይለዋል። ጉንጩ በራሱ ጊዜ ወድቆ ያረፈበት ቦታ እውነተኛው ልክ ነው። ዓይን ተከፍቶ ከተነሳ ግን ሰው አንገቱን አጣሞ ራሱን ከእንጨቱ ጋር ያስማማል፣ ያ ልክ አይሆንም። ሂርጳ ካፖርቱን እንደለበሰ በዚያ ብርድ ስንት ጊዜ እንዳነሳና እንዳወረደ እንጃ።

የእኔ ድስት የተበላሸው በዚህ ጊዜ ነው። ኢታና የተልባ ዘይት አፍልቶ፣ ጨርቅ እየነከረ የሰደፉን አንገት ሲጠቀልል ሲፈታ ዋለ። እንጨቱ ሲሞቅ ሞርሳ በሚሉት የብረት መንጋጋ አስሮ በቀስታ ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይገፋዋል። ዘይቱን የሚያፈላው በወጥ ድስቴ ነው! ከገበያ ስመለስ ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸታል። አንተ ሰው ከዚህ በኋላ በምን ልታበላኝ ነው አልኩት፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ጨርቁን ይነክራል። ግን ያንጎራጉር ነበር። ድምፁ አያምርም፣ ሆኖም ድስቱን ማርኩት። ግራውን ጎን በሞረድ አወረደ፣ ቀኙን አስተካከለ፣ የሂርጳ ክንድ አጭር ስለሆነ ደግሞ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ በመጋዝ ቆርጦ አሳጠረው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ዘይት አጠጥቶ ሲጨርስ እንጨቱ ሌላ ሆነ። ሂርጳ ዓይኑን ጨፍኖ አንስቶ ሲከፍት፣ ግራው ዓይኑ በቀጥታ በአፈሙዙ ላይ ነበር። የቀረውን ዓይኑን እንባ ሞላው።

መስከረም ላይ ተመልሶ መጣ። አፍንጫው አብጧል። አንዱም ጥይት አልመታለትም፤ ሰደፉ አጥሮ በተኮሰ ቁጥር የገዛ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ይመታዋል፣ ሁለተኛውን ሲተኩስ ደም በደም ሆነ። ኮሚቴው ተሳሳቀበት። ሂርጳ ለምኖ ለምኖ አንድ ዕድል ብቻ ጨመሩለት። ይህን ሁሉ ሲነግረን ኢታና አፍንጫውን አላየም፤ ልብሱን ነው የሚያየው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሂርጳ ካፖርቱን አልለበሰም፤ የአዋሽ ሰው እንደሚለብሰው ስስ የካኪ ሸሚዝ ነው የለበሰው።

ኢታና ግንባሩን በመዳፉ መታ። «በካፖርት ለካሁት!» አለ።

የልደታን ብርድ ይዞ ለበረሃ ሰው ለካ። የካፖርቱን ውፍረት ያህል እንጨት ቆርጦ ጥሏል። ሙሴ ቤት አዳኞቹ የሚለኩት በአደን ልብሳቸው ነበር፤ ይህን እያወቀ ዘነጋው። ምሳ አልበላም አለ፣ ራትም አልበላም አለ። የተቆረጠ እንጨት አይመለስ፣ መቀጠል ነው ያለበት፣ ለመቀጠል ደግሞ ያው ዋልነት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ዋልነት ከየት ይመጣል? መርካቶ ዞሮ ባዶ እጁን መጣ። እኔ በነጋታው ከጉሊት ስገባ አልጋችን በአንድ በኩል በጡብ ተደግፎ ቆሟል። ሙሴ ለሠርጋችን የሰጠን የዋልነት አልጋ! እግሩን ቆርጦታል። የጮኽኩትን ጩኸት ልደታ ሁሉ ሰምቶታል። ኢታና ጩኸቴን እስክጨርስ ጠበቀና፣ አልጋ እንደሆነ በጡብም እኛን ይችለናል፣ ያ ሰው ግን ልጆቹን ይዞ የት ሊገባ ነው አለኝ። አልጋው ዛሬም በጡብ ነው የቆመው።

ቅጥያውን ሲገጥመው መጋጠሚያው በጥፍር ብትፈልጉት አይያዝም ነበር። በዚህ ጊዜ ኢታና ራሱ አብሮ በባቡር ወረደ። በሸሚዝ ለካው፣ በፀሐዩ ውስጥ ለካው፣ ላብ እያንጠባጠበ ለካው። ኮሚቴው ፊት ሂርጳ ከአንዷ በቀር ሁሉንም መታ። ኢታና እንደነገረኝ ሰዎቹ አጨበጨቡ፣ እንዳለች የምትባለው የሂርጳ ሚስትም ከሩቅ ሆና እልል አለች። ኮሚቴው ውስጥ ከጦሩ የመጣ አንድ ሻምበል ነበር። እሱ አላጨበጨበም፤ ስሙን ጠየቀው። ሂርጳ ስሙን ተናግሮ፣ ሐኪሞች ለውጊያ አይሆንም ብለውኛል ሲለው ሻምበሉ ሳቀ።

«ሲተኩስ ሁለተኛውን ዓይን ማን ይከፍተዋል?» አለው።

ኢታና ይህን እንደ ቀልድ ነው የነገረኝ። እኔም ስቄያለሁ። ደስታ ላይ ነበርን። ኢታና ያን ሰሞን ለጎረቤት ልጆች የመጫወቻ እንዝርት ሳይቀር ይጠርብ ነበር፣ ከእኔም ጋር ይቀልድ ነበር። ባሌን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው ብል ውሸት አይደለም።

ከጥምቀት በኋላ እንዳለች ብቻዋን መጣች። ጡት የሚጠባ ልጇን አዝላ ከባቡር ወርዳ እየጠየቀች ጉሊቴ ድረስ መጣች። ውሃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም። ለሰሜን ዘመቻ ሰው ይሰበሰብ ነበርና ሂርጳ ተጠርቷል። የሐኪም ወረቀቱን ሲያሳይ፣ ወረቀቱ ከተጻፈ በኋላ ስንቱን ዒላማ መትተሃል አሉት። አዲስ አበባ መጥቶ በመኮንኖች ፊት በለመደው ጠመንጃ ዳግመኛ ይተኩሳል፤ ከመታ ይዘምታል። ቤት አስገባኋት። ኢታና ሥራውን ትቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ጋሼ ኢታና፣ ያቀኑት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ያጣምሙልኝ» አለችው። «አንድ ዓይኑን ሰጥቷል። ይበቃቸዋል።»

ሂርጳ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቃት። አያውቅም አለች፤ ካወቀ ፊቱ ያሳብቅበታል፣ ሆን ብሎ መሳት ደግሞ ነፍሱን ቢያወጡት አይሆንለትም። ከአባቱ ጀምሮ አነጣጥሮ መምታት እንጂ ሌላ አልተማረም። ኢታና፣ እሺ ልጄ፣ ወደ ልጆችሽ ሂጂ አላት።

እሷ እንደወጣች እኔ ተነሳሁበት። አሻጥር ነው የሚሉት፣ ቢያውቁ ቆመህ አታድርም፣ እኔን ለማን ትተኸኝ ነው አልኩት። እንዳለችንም ሰደብኳት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ የራሷን ባል ለማትረፍ የእኔን አምጪ አለች ብዬ። አልተቆጣም። «ወይንዬ፣ እሷ ነገሩን ባታመጣውም ሂርጳ በእኔው እንጨት ነው የሚዘምተው» አለኝ። ስሜን አቆላምጦ ሲጠራኝ አቅም አጣለሁ፣ ያውቅብኛል።

ሂርጳ ከተኩሱ በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ብረቱ እንደ ወትሮው ቀበሌ ገባ፣ እንጨቱን ዘይት እንዲያጠጣው ለኢታና ሰጠው። ተጨንቋል፣ ግን ሳቅ ሳቅ እያለ ነው የሚያወራው። መሞትስ አልፈልግም፣ ልጆቼም ትንንሽ ናቸው፣ ሆኖም ሰው ፊት ቆሜ የጋሼን ሥራ አላሳፍርም አለን። እኔ ፊቴን አዙሬ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። ኢታና ለከሰዓት እንዲመለስ ነግሮ ልደታ ማርያም ሂድና ተሳለም ብሎ ላከው።

እሱ እንደወጣ ኢታና ከዚያው ከአልጋው እግር ቁራጭ ላይ አንዲት ስንጥር ፈለጠ። እንደ ጥፍር የሳሳች። ብረቱ የሚተኛበት የእንጨቱ ቦይ ውስጥ፣ ወደ አፈሙዙ በኩል፣ በአንድ ጎን አስገብቶ በኮላ ለጠፋት። ብረቱ ሲታሰር ስንጥሯ ወደ ጎን ትገፋዋለች፤ አይታይም፣ ተኳሹ ግን በትክክል አነጣጥሮ ሌላ ቦታ ይመታል። ከዚያ ስንጥሯን ያለሰልሳት ጀመር። በዘይትና በጥላሸት አጠቆራት፣ ጠርዟን አጠፋው፣ የድሮ እንድትመስል በጨርቅ አሻት። ብልሹውን ሥራ እንኳ አሳምሮ ነው የሠራው። እኔ ያን ሁሉ የጮኽኩት ሴት፣ ነጠላዬን ተከናንቤ የግቢው በር ላይ ቆሜ ሰው እንዳይገባ እጠብቅ ነበር።

በማግሥቱ ሂርጳ ሁሉንም ሳተ። መኮንኖቹ ጠመንጃው አርጅቷል ብለው የጦሩን ጠመንጃ ሰጡት፤ ያም ለቀኝ ትከሻ የተሠራ ነው፣ ልቡም ከዚያ በፊት ተሰብሮ ነበርና በሱም ሳተ። አሮጌውን ጠመንጃ እዚያው አስቀሩት፣ እሱን ሰድበው አባረሩት። ወሬው መሥሪያ ቤቱ ደረሰ። ከጥብቅ ቦታው አነሱት፣ ቤቱንም አስለቀቁት። እንዳይራብ ብለው እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለ አንድ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ አደረጉት፤ የያዘው ቆመጥ ነው። ከኛ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ገቡ። ከእሱ ጋር ከተጠሩት ጠባቂዎች የተመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ኢታና በዚያ መጋዘን በር ማለፍ ተወ። ተክለ ሃይማኖት ለመሄድ ሲፈልግ ሽቅብ ዞሮ ነው የሚሄደው። ሰውየውን አተረፍከው እኮ ስለው፣ አተረፍኩት ይለኛል፣ ደስ ብሎት ግን አይደለም። እኔና እንዳለች መንገድ ላይ ስንገናኝ እንሳሳማለን፣ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጋኝ ታልፋለች።

የግንቦት ልደታ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ንፍሮ ይዞ ተሰበሰበ። ሂርጳም እንዳለችንና ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ልጆቹ እየተሯሯጡ መላጊያውን ሲነካኩ ኢታና ዝም ብሎ ያያቸው ነበር። ሰው ትንሽ ቀለል ሲል ሂርጳ ከተቀመጠበት ተነሳና ባሌ ፊት መጥቶ ቆመ። ቆቡን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ስምዎን አጠፋሁ» አለው። «እንጨቱ ምንም አልበደለም፣ ዓይኔ ነው የከዳኝ። አልጋዎን ቆርጠው ሠሩልኝ፣ እኔ ሰው ፊት አዋረድኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ። እንዳለች ልጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ታየኛለች። የእኔን አፍ ታውቁታላችሁ፤ እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ኢታና ዞር ብሎ አየኝና ዋጥኩት። የእናቱ ቀብር ላይ ያላለቀሰ ሰው ያን ዕለት ጎረቤት ፊት እንባው ዝርግፍ አለ። ሂርጳ ለእሱ አዝኖ ያለቀሰ መስሎት ደነገጠ፤ እጁን ይዞ፣ አይዞዎት ጋሼ፣ እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ እያለ ያባብለው ጀመር።

ኢታና ሂርጳን ብብቱን ይዞ አነሳው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለው።